«ተከትቧል» የተባለ ቡችላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ውሻ ያለው ሰው ስለ ክትባት ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «ተከትቧል»። በስንት ሳምንቱ? በየትኛው ክትባት? ስንት ጊዜ? የሚቀጥለው መቼ ነው? እዚህ ላይ መልሱ ይጠፋል። እኛ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው ያ ቃል ብቻውን ውሻውንም፣ አብረውት የሚጫወቱትን ልጆችም፣ ጎረቤትንም እንደማይጠብቅ አንባቢዎቻችሁ በዝርዝር እንዲያውቁት ስለምንፈልግ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንገር ነው። ቡችላው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገር የእናቱን የበሽታ መከላከያ ያወርሰዋል። እናቲቱ የተከተበች ወይም ታማ የዳነች ከሆነች ይህ ስንቅ ለሳምንታት ያቆየዋል። ችግሩ ይኸው ስንቅ ክትባቱንም የሚያከሽፍ መሆኑ ነው። በክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ገና ሳይራባ ከእናት የመጣው መከላከያ ይዞ ያጠፋዋል፤ የቡችላው ሰውነትም ምንም ሳይማር ይቀራል። ስንቁ ደግሞ በሁሉም ቡችሎች እኩል አያልቅም። በአንዱ በ8 ሳምንት፣ በሌላው በ12 ያልቃል፤ በአንዳንዱ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። በአንድ ሌሊት ከአንድ እናት የተወለዱት እንኳ ይለያያሉ። መሀል ላይ ደግሞ ክፉ ጊዜ አለ፤ የቀረው መከላከያ ክትባት ለማክሸፍ ይበቃል፣ በሽታ ለመመከት ግን አይበቃም። ቡችሎች በፓርቮ (ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በሚያመጣው የቫይረስ በሽታ) የሚያልቁት በአብዛኛው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ክትባቱ የሚደጋገመው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው መርፌ ጥቂት ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው ይሞላዋል ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። የእያንዳንዱ ቡችላ ስንቅ ያለቀበትን ቀን ስለማናውቅ፣ ባለቀበት ሰሞን አንዱ መርፌ እንዲደርስለት ብለን ነው የምንደጋግመው። በዚህ ስሌት ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው፣ ማለትም 16 ሳምንት ከሞላ በኋላ የሚሰጠው ነው። ባለቤቶች ደግሞ በብዛት የሚተዉት እሱኑ ነው፤ ቡችላው አድጓል፣ ይጫወታል፣ ሁለቴ ተወግቷል፣ ምን ቀረው ይባላል።

አቆጣጠሩን በምሳሌ እናስቀምጠው፤ ወራችን ሠላሳ ቀን መሆኑ ሒሳቡን ያቀልለታል። መስከረም 1 የተወለደ ቡችላ 8 ሳምንት የሚሞላው ጥቅምት 27 ነው፤ የመጀመሪያውን «አምስት በአንድ» (አምስት ነገሮችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ክትባት) ያን ቀን ይውሰድ። 12 ሳምንት ኅዳር 25 ይሞላል፤ ያን ቀን ሁለተኛውን «አምስት በአንድ» ይወስዳል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ይጨምራል። 16 ሳምንት ታኅሣሥ 23 ነው፤ ሦስተኛውን ከዚያ ቀን በፊት አትስጡት። ከዚያ መጋቢት 3 አካባቢ፣ 26 ሳምንት ሲሞላው፣ አንድ ማጠናከሪያ ይሰጠዋል። ድሮ ይህ የሚሰጠው በዓመቱ ነበር። ወደ ስድስት ወር የቀረበው፣ በ16 ሳምንት እንኳ ስንቁ ያላለቀለት ጥቂት ቡችላ ካለ እስከ ዓመቱ ተጋልጦ እንዳይቆይ ነው። ፓርቮ በገባበት ግቢ ወይም ሰፈር ከሆነ ደግሞ በ6 ሳምንት፣ ማለትም ጥቅምት 13፣ ጀምሮ በየ3 ሳምንቱ መሄድ ይሻላል፤ ያም ሆኖ የመጨረሻው ከ16 ሳምንት በፊት አይዘጋም። ከማጠናከሪያው በቀር፣ በሁለት መርፌ መካከል ከ2 ሳምንት ያነሰ አይሁን፤ የፊተኛው የቀሰቀሰው መከላከያ የኋለኛውን ይዘጋዋልና። ከ4 ሳምንት በላይም አይራቅ። ከ6 ሳምንት በላይ ከተራራቀ አንድ መርፌ ጨምሮ መዝጋት አይበቃም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ያላቸው ሁለት መርፌዎች ያስፈልጉታል።

«አምስት በአንድ» የሚባለው ዲስቴምፐርን (ሳንባንና ነርቭን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ)፣ ፓርቮን፣ ተላላፊ የጉበት በሽታን፣ የአዴኖ ቫይረስ ሳልንና ፓራኢንፍሉዌንዛን የሚመለከት ነው። በአንዳንዱ ላይ ሌፕቶስፓይሮሲስ ይጨመርበታል፤ ይህ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ፣ ሰውንም የሚይዝ በሽታ ስለሆነ፣ አይጥና ረግረግ ባለበት ግቢ መቅረት የለበትም። ሌፕቶ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዓመቱን አልፎ በጣም ከዘገየ እንደገና ከሁለት ይጀመራል። አምስቱ ግን ከማጠናከሪያው በኋላ በየ3 ዓመቱ ቢታደሱ ይበቃቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎላ ተደርጎ ይጻፍልን። «አምስት በአንድ» ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የለም። ብዙ ሰው አለ ብሎ ያስባል። ሦስት ጊዜ ተወግቶ፣ ደብተሩ ሞልቶ፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ግን አንድም መርፌ ያልወሰደ ውሻ ከልጆች ጋር ያድራል። በተቃራኒውም በወረዳው ዘመቻ የተከተበ ቡችላ ከፓርቮ የሚጠብቀው ምንም ነገር አላገኘም። ሁለቱ የተለያዩ ብልቃጦች ናቸው፤ በደብተሩ ላይም ሁለት የተለያዩ መስመሮች ሊሆኑ ይገባል።

ከክትባቱ በፊት የወስፋት መድኃኒት ይቀድማል። ቡችላ ወስፋት የሚይዘው ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው፤ በወተቱም ይጨመርበታል። ስለዚህ በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንቱ (በምሳሌያችን መስከረም 15 እና 29፣ ጥቅምት 13 እና 27)፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ ይሰጠዋል። ፓይራንቴል ከሆነ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን 10 ሚሊ ግራም። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ፀጉሩ የቆመ ቡችላ ተከትቦም የሚፈለገውን ያህል መከላከያ ላያመርት ይችላል። መጠን ከተነሣ አይቀር፣ የወስፋት መድኃኒት በክብደት ሲለካ ክትባት በክብደት አይለካም። አንድ ኪሎ ለሚመዝን ቡችላም ሆነ አርባ ኪሎ ለሚመዝን ጀርመን ሼፐርድ የሚሰጠው ያው አንድ ሙሉ መጠን ነው፤ በአብዛኛው 1 ሚሊ ሊትር። «ትንሽ ስለሆነ ግማሹን ሰጠነው» የሚባለው ስሕተት ነው። ግማሽ መጠን የወሰደ እንዳልተከተበ ይቆጠር።

አሁን ወደሚበላሽበት ቦታ እንምጣ። በየመንገዱ ዳር በካርቶን የሚሸጡ ቡችሎች ብዙዎቹ ገና አምስት፣ ስድስት ሳምንታቸው ነው፤ ሻጩ «ተከትቧል» ይላል። እውነቱን ቢናገር እንኳ በዚያ ዕድሜ የተሰጠ መርፌ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሊሆን አይችልም፤ ቁጥሩን ከዜሮ ጀምሩ። ሌላው ችግር ቀኑ ነው። ፓርቮ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። ቅዳሜ የተገዛ ቡችላ ሰኞ ተከትቦ ሐሙስ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲጀምረው «ክትባቱ ገደለው» ይባላል፤ በሽታውን ግን ከካርቶኑ ይዞት መጥቷል። በተለይ ሮትዌለርና ዶበርማን ለፓርቮ ስስ ናቸው። አዲስ የመጣን ቡችላ ሐኪም ሙቀቱን ለክቶ ይየው። ትኩሳት ካለው፣ ካስመለሰው፣ ምግብ ከተወ ክትባቱ ይቆይለታል።

በፓርቮ ቡችላ የሞተበት ግቢ ደግሞ ሌላ ቡችላ ለማስገባት መቸኮል የለበትም። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት፣ በጥላ ቦታ እስከ ዓመት ይቆያል። በሳሙና አይሞትም። ሲሚንቶና ሴራሚክ ከሆነ መጀመሪያ ቆሻሻው ሙልጭ ብሎ ይታጠባል፤ ከዚያ 5 በመቶ ገደማ የሆነ በረኪና፣ አንድ የቡና ሲኒ በ30 ሲኒ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበትና 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል። በዐፈርና በሣር ላይ በረኪና ከንቱ ነው፤ ዐፈሩ ራሱ ኃይሉን ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ግቢ የሚገባው ውሻ የ16 ሳምንቱን የጨረሰ ይሁን። ቫይረሱ በጫማ ስለሚገባ ቡችላውን ከግቢ አለማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ ውሻ ቤት የመጣ እንግዳ ጫማውን በር ላይ ያውልቅ።

ቀጥሎ ስለ ብልቃጡ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ቦታው የፍሪጁ መሀል መደርደሪያ ነው፤ በሩ ላይ ሙቀቱ ይለዋወጣል፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ይበርዳል። ደረቁን የ«አምስት በአንድ» ክትባት የሚጎዳው ሙቀት ሲሆን ፈሳሹን የእብድ ውሻ ክትባት ይበልጥ የሚጎዳው መርጋት ነው። አንዴ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ብልቃጥ ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ ግን ይጣል። ስለዚህ ብልቃጡን ለማጓጓዝ ከበረዶው ጋር ቀጥታ አታጋጥሙት፤ በጨርቅ ወይም በወረቀት ለዩት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፤ ውስጡ ቴርሞሜትር ይኑር። ደንበኛ ሆናችሁ ስትሄዱ «ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ጨዋ ሐኪም አይከፋም። ደረቁ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ወዲያው፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። መበጥበጫው የራሱ ነው፤ ሌላ ውሃ አይተካውም። የተዳከመ ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ በአልኮል ወይም በጸረ ተሕዋስያን የታጠበ ሲሪንጅ ይገድለዋል፤ አዲስ ሲሪንጅ፣ ለአንድ ውሻ አንድ መርፌ። የእብድ ውሻው ባለ 10 ውሻ ብልቃጥ ከሆነ በየጊዜው ይነቅነቅ፤ የተከፈተውም በዚያው ቀን ካላለቀ ለነገ አይቀመጥም።

ክትባቱ ከትከሻው አጥንቶች መካከል፣ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ባለቤቱ የሚጠነቀቀው ፀጉር ላይ እንዳይፈስ ነው፤ ፀጉሩ እርጥብ ከሆነ መርፌው ቆዳውን በስቶ በሌላ በኩል ወጥቷል ማለት ነው፤ እንደገና ይሰጥ። ከዚያ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ክሊኒኩ ውስጥ ቆዩ። ፊቱ ካበጠ፣ ካስታወከ፣ ድዱ ከነጣ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ይህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ለአንድ ሁለት ቀን መፍዘዝ፣ ቀላል ትኩሳት፣ በተወጋበት ቦታ ትንሽ እብጠት ግን የተለመደ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን ለብቻው የምናነሣው ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻንም ሰውንም የሚያድን ሕክምና ስለሌለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ሰው ገደማ በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ በሽታው ሰውን ከሚይዝባቸው 100 አጋጣሚዎች በ99ኙ የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፤ ከሟቾቹ ከ10 አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ክትባቱ ከ12 ሳምንት ጀምሮ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ መከላከያው እስኪደርስ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃልና በዚህ ጊዜ ውሻው እንዳልተከተበ ይጠበቅ። ከዓመት በኋላ ይታደሳል። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት የሚያገለግሉ ክትባቶች አሉ፤ እኛ ግን በአገራችን በየዓመቱ ይሁን እንላለን። ብልቃጡ ሁልጊዜ ቅዝቃዜውን ጠብቆ መምጣቱ እርግጠኛ በማይሆንበት ቦታ ዓመታዊው አንዱ የከሸፈ እንደሆነ ቀጣዩ ይደርስለታል። ቀኑ ላለፈበት አዋቂ ውሻ አንድ መርፌ ይበቃዋል፤ «አልፎበታል» ብሎ መተው ግን ከሁሉም የባሰ ነው።

በገጠር ያለው ክፍተት ይለያል። አርሶ አደሩ ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ክትባት ከብቱን ይዞ ይሰለፋል፤ ውሻው ከኋላ ተከትሎት መጥቶ ሳይከተብ ይመለሳል። በእብድ ውሻ የተነከሰች ላም ትሞታለች፤ ስለዚህ የውሻው ክትባት የከብቱም ክትባት ነው። በባሌ ተራሮች ደግሞ ጉዳቱ ከቤት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከቤት ውሾች የተሻገረው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል፤ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር መጣባቸው። በመላው ዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም በእኛ ደጋዎች ናቸው። በዚያ አካባቢ ለውሻ ሁለቱም ክትባቶች መሰጠት አለባቸው።

ስለ ምልክቱም የተሳሳተ እምነት አለ። «ውሃ ይጠጣል፣ አላበደም» ይባላል። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ያበደ ውሻ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። የበለጠ የሚያሳስበን ጸጥ ብሎ የሚያብደው ነው። መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ተቀርቅሮበታል ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰድዳል። እንዲህ ያለ ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን ፈጽሞ አታስገቡ። ዲስቴምፐርም መጨረሻው ላይ መንቀጥቀጥና ማወራጨት ስለሚያመጣ ከእብደት ጋር ይመሳሰላል፤ ይህን የሚለየው ሐኪም ነው።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬድ። የተለመደው የመርፌ ቅደም ተከተል በመጀመሪያው ቀን (ዜሮ ተብሎ በሚቆጠረው) ተጀምሮ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው እና በ28ኛው ቀን የሚቀጥለው ነው፤ አንዱም ቢቀር ሕክምናው ጎዶሎ ነው። የባህል መድኃኒት ጠጥተው የዳኑ ሰዎች አሉ ይባላል። የነከሰ ውሻ ሁሉ በሽታው የለበትም፤ ቢኖርበትም የተነከሰ ሁሉ አይያዝም፤ የተያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ደህና መስሎ ይቆያል። መድኃኒቱ ሠራ የሚያሰኘው ይህ ነው። ውሻውን ወዲያው አትግደሉት፤ በሰላም ማሰር ከተቻለ 10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ካልታመመ ሲነክስ በለሃጩ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነውና የሰውየው መርፌ በሐኪም ትእዛዝ ሊቋረጥ ይችላል። መገደሉ ግድ ከሆነም ጭንቅላቱን አትምቱ፤ ምርመራው የሚካሄደው በአንጎሉ ነው።

ደብተሩን በተመለከተ አንድ የማይታሰብ እክል አለ። የብልቃጡ ማብቂያ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ታትሞ ሳለ ደብተሩ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። «03/2018» ለአንዱ ኅዳር ነው፤ ለሌላው ከዓመታት በፊት ያለፈ ማርች። ሁለቱንም ቀን ጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ። የብልቃጡ ተለጣፊ ወረቀት ከነመለያ ቁጥሩ ይለጠፍ፤ የሚቀጥለው ቀን፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት። ይህ ውሻ ይዞ ለሚሰደድ የበለጠ ይመለከተዋል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት መጀመሪያ ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ማይክሮቺፕ ይገባል፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባቱ ይሰጣል፤ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ መከላከያው በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም በላይ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም። እድሳቱ በአንድ ቀን ቢያልፍ የደም ምርመራው ውጤት ይወድቃል፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ይሆናል። አሜሪካም ከኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች ለሚመጡ ውሾች ጥብቅ ደንብ አውጥታለች፤ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ አታስገባም።

ለወረዳዎችና ለክፍለ ከተሞች ያለን ጥያቄ ቀላል ነው። በዘመቻ ቀን «ገና ትንሽ ነው» ተብሎ ቡችላ አይመለስ። በዚያው ቀን ይከተብ፤ 12 ሳምንት ሳይሞላው ከተከተበ ሲሞላው እንዲደገምለት ቀኑ በእጅ ይጻፍለት። በሽታው እንዲቆም ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለበት፤ ቡችሎችን የሚተው ዘመቻ እዚያ አይደርስም፣ የዛሬ ቡችሎች በሚቀጥለው ዓመት የሰፈሩ ውሾች ናቸውና። የተከተበው ውሻ በአንገቱ ባለ ቀለም ሪባን ይታሰርለት፤ በሳምንቱ ሰፈሩን ዞሮ ሪባን ያላቸውንና የሌላቸውን መቁጠር ስንት እንደተሸፈነ ያሳያል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በመስከረም 18 ይውላል፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ባለው ዓመት በ17። ጋዜጣችሁ በዚያ ሳምንት የየወረዳውን የክትባት ቦታና ሰዓት ቢያትም፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ 12 ሳምንት የሚሞላቸው ቡችሎች ባለቤቶች ቀናቸውን ከዚያው ገጽ ላይ ቆጥረው መያዝ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ